የጫጩት ጤና በፓኬት አይገዛም
በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር





አንድ አርቢ ሃምሳ ጫጩት ገዝቶ ቤቱ ሲያስገባ የመጀመሪያ ሥጋቱ ሞት ነው። ጫጩቶቹ ክንፋቸውን ጥለው ሲያንቀላፉ ወይም ተቅማጥ ሲይዛቸው ወደ ቅርብ መደብር ይሮጣል። የኦክሲቴትራሳይክሊን ዱቄት በፓኬት ገዝቶ በመጠጥ ውኃቸው ይበጠብጣል። አንዳንዱማ በሽታ እስኪመጣም አይጠብቅም፤ «ለመከላከያ» እያለ በየጊዜው ይሰጣል። ይህን የሚያደርገው ገንዘቡንና ልፋቱን ለማዳን ነው። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የሚሰጥ መድኃኒት ከጥቅሙ ጉዳቱ የሚያመዝንበት ጊዜ ብዙ ነው።

መድኃኒቱ የሚሠራውና የማይሠራው

አንቲባዮቲክ የሚገድለው ወይም እንዳይራባ የሚገታው ባክቴሪያን ነው። ቫይረስን አይነካም። የገጠሩንም የከተማውንም ዶሮ በጅምላ የሚፈጀው ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው፤ ጉምቦሮም እንዲሁ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያስከትለው ኮክሲዲዮሲስ ደግሞ በጥገኛ ተህዋስ የሚመጣ ሲሆን የራሱ መድኃኒት አለው። ስለዚህ ፈንግል በገባበት ቤት የሚበጠበጥ ኦክሲቴትራሳይክሊን ፈንግሉን አያቆመውም። በቫይረሱ ላይ ባክቴሪያ ተደርቦ ከተገኘ የእንስሳት ሐኪም መርምሮ ሊያዝ ይችላል። አንቲባዮቲክ በቦታው ሲውል ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ችግሩ ያለቦታው መዋሉ ነው።

የጫጩቷ የራሷ መከላከያ

ጫጩት ስትፈለፈል ከእናቷ በአስኳሉ በኩል የተላለፈላት መከላከያ አላት። ይህ ስንቅ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የራሷን መገንባት አለባት።

ለዚህ ሥራ ከፊንጢጣዋ በላይ የምትገኝ ትንሽ ከረጢት መሰል አካል ዋናውን ድርሻ ትይዛለች። በሽታን የሚዋጉት ሴሎች አንዱ ክፍል የሚሰናዳው በዚህች ከረጢት ውስጥ ነው። ጉምቦሮ የሚያጠቃው ይህችኑ አካል ሲሆን፣ በተለይ የሚበረታው ከ3 እስከ 6 ሳምንት ዕድሜ ባላቸው ጫጩቶች ላይ ነው። ከጉምቦሮ የተረፈች ጫጩት ለሌላ በሽታ የተጋለጠች ትሆናለች፤ የፈንግል ክትባት ብትከተብም እንኳ እንደ ጤነኛዋ ላይዝላት ይችላል። ይህን ጉዳት የትኛውም አንቲባዮቲክ አይጠግነውም። መፍትሔው አስቀድሞ መከተብ ነው።

ሁለተኛው መከላከያ በአንጀቷ ውስጥ የሚኖሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው። በዶሮ ሥር የተፈለፈለች ጫጩት እነዚህን ከእናቷ ጋር እየጫረች ታገኛቸዋለች። ከመፈልፈያ መሣሪያ የወጣችው ግን እናት ስለሌላት አንጀቷ ባዶውን ይቆያል፤ ቀድሞ የደረሰ ጎጂ ተህዋስም ቦታውን ይይዘዋል። የፊንላንድ ተመራማሪዎች ኑርሚና ራንታላ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ ከጤነኛ አውራ ዶሮ አንጀት የተወሰደ ይዘት ለአዲስ ጫጩቶች ቢሰጥ ጫጩቶቹ ሳልሞኔላን በተሻለ እንደሚቋቋሙ አሳይተዋል። አንቲባዮቲክ ጎጂውን ከጠቃሚው አይለይም። በየጊዜው ያለ ሕመም የሚሰጥ ከሆነ ዘቡን ከበሩ ላይ እንደማንሳት ይቆጠራል።

ከዶሮው ቤት ወደ ሰው ቤት

መጠኑ የተጓደለ ወይም ያለ ልክ የተደጋገመ መድኃኒት ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ገድሎ ብርቱዎቹን ያስቀራል። እነዚህ ይራባሉ፤ በኩስ፣ በእጅ፣ በሥጋና በእንቁላል በኩል ወደ ሰው ይደርሳሉ። ለዶሮ የሚሰጡት መድኃኒቶች ብዙዎቹ ለሰው ከሚሰጡት ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ኤንሮፍሎክሳሲን ለዶሮ እንዳይሰጥ የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነበር።

እንቁላልም የራሱ ጣጣ አለው። አንድ አስኳል ዋና እድገቱን ለመጨረስ 10 ቀን ገደማ ስለሚወስድበት፣ ዛሬ የተሰጠ መድኃኒት መስጠቱ ከቆመ በኋላም ቢሆን በሚጣለው እንቁላል ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈውን የማቆያ ጊዜ ሳይጠብቁ እንቁላል መሸጥ ለጎረቤት ልጅ ያልታዘዘለትን መድኃኒት ማብላት ነው።

«ካላጠጣሁ ይሞቱብኛል» የሚለውን ሥጋት በተመለከተ የዴንማርክ አርቢዎች ታሪክ ትምህርት ይሰጣል። የሥጋ ዶሮ አርቢዎቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ለእድገት ሲባል በመኖ ውስጥ ይጨመር የነበረውን አንቲባዮቲክ በራሳቸው ፈቃድ አቆሙ። የሞት መጠኑ አልጨመረም፤ ለአንድ ኪሎ ሥጋ የሚበላው መኖ ከፍ ያለው በጥቂት ግራም ብቻ ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም ከጥር 1 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአባል አገሮቹ ሁሉ ይህንኑ አሠራር ከለከለ። የዴንማርኮቹ ቤቶች ግን ንጹሕ፣ ጫጩቶቻቸውም የተከተቡ እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም።

የማኅበሩ ድርሻ

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ክትባት ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ አርቢው ስለምን ፓኬቱን ይመርጣል? መልሱ ቀላል ነው። ፓኬቱ ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ከሱቅ መደርደሪያ ላይም ይቆያል። የክትባት ጠርሙስ ግን በአብዛኛው ለመቶና ከዚያ በላይ ለሆኑ ዶሮዎች የተዘጋጀ ነው፤ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ከተበጠበጠ በኋላም በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ሃያ ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን ብትገዛው አብዛኛው ይደፋባታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደተባለው፣ ክትባት በባሕርዩ የማኅበር ሥራ ነው።

ስለዚህ ለዩኒየኑና ለመሠረታዊ ማኅበራቱ የሚከተለው ይመከራል።

አንደኛ፣ በየቀበሌው የአባላት ዶሮዎች ተመዝግበው የክትባት ቀን በጋራ ይቆረጥ። ክትባቱ በቢሾፍቱ ከሚገኘው የአገሪቱ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም በዩኒየኑ በኩል በጅምላ ይገዛ።

ሁለተኛ፣ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይጠበቅ። በመጠጥ ውኃ የሚሰጠው ክሎሪን በሌለው ውኃ ይበጥበጥ፤ በሊትር 2 ግራም ገደማ ስብ የወጣለት የዱቄት ወተት ቢጨመርበት ክትባቱን ይጠብቃል። ዶሮዎቹ አስቀድመው እንዲጠሙ ተደርጎ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱት። የታመመ ዶሮ አይከተብ።

ሦስተኛ፣ የማኅበራቱ መደብሮች አንቲባዮቲክን ያለ እንስሳት ሐኪም ማዘዣ አይሽጡ። የታዘዘለት አርቢ ደግሞ መጠኑን ሳያጓድል እስከ መጨረሻው ቀን ይስጥ፤ የሰጠበትን ቀንም ይመዝግብ።

አራተኛ፣ ጉዝጓዙ ደረቅ፣ ውኃው ንጹሕ፣ ቤቱም አየር የሚገባበት ይሁን። አዲስ የተገዛ ዶሮ ከነባሩ ጋር ሳይቀላቀል ለሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

ከወረዳ ኃላፊዎች የሚጠበቀው የሚሠራ ማቀዝቀዣና በቀጠሮው ቀን የሚገኝ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። አርቢዎች ተሰባስበው በቆረጡት ቀን ባለሙያ ካልመጣ፣ በማግሥቱ ሁሉም ወደ ፓኬቱ ይመለሳል።

ዩኒየኑ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በጋራ መግዛት እንደሚያዋጣ ለአባላቱ በተግባር አሳይቷል። የዶሮንም ጤና በዚያው መንገድ መያዝ ይቻላል። ለሚቀጥለው የምሥረታ በዓል ከሚቀርበው ሪፖርት ውስጥ ስንት ዶሮ እንደተከተበ የሚገልጽ አንድ መስመር ቢጨመርበት በዓሉን ይበልጥ ያደምቀዋል።