ወንድማችን
(ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ከተደረጉት ንግግሮች አንዱ)



ለትምህርት ልዩ እርዳታ ስለሚያሻቸው ልጆች እንድንናገር በተጠየቅን ጊዜ ከመጻሕፍት ቤት ለመጀመር አስበን ነበር። ዳሩ ግን ነገሩ በገዛ ቤታችን ሳለ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። እኛ ቤት ሦስት ልጆች ነን። የመጨረሻው ወንድማችን ዘጠኝ ዓመቱ ሲሆን ኦቲዝም አለበት። ይኸውም አእምሮው በተለየ መንገድ ስለሚያድግ ንግግርና ከሰው ጋር መግባባት ያስቸግረዋል፣ የለመደው ነገር ሲለወጥበት ይታወካል፣ ለእኛ ቀላል የሆነው ድምፅ ለእርሱ ይበረታበታል ማለት ነው። እንዲህ ያሉት ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ እኛ የምናውቀው የእኛን ነው።

ወንድማችን ወጥ የነካውን እንጀራ አይበላም። ደረቁ እንጀራ በሰማያዊው ሳሕን ለብቻው ይቀርብለታል፤ ሳሕኑ ከተለወጠ የዚያን ቀን ምሳ የለም። ጉርሻም አይቀበልም። በአገራችን ጉርሻ እንቢ ማለት ንቀት ስለሚመስል፣ በፋሲካ ዕለት አንዲት ዘመዳችን እጃቸውን እንደ ዘረጉ ሲቀሩ እናታችን ከኀፍረት የተነሣ ወደ ጓዳ ገቡ። ከዚያ ወዲያ ለቅሶም ቢሆን ሠርግም ቢሆን እርሱን ይዘው መሄድ ተዉ፤ ትተውት መሄድም ስለማይሆንላቸው ራሳቸው ቀሩ። እድርተኛው ግን ኰሩ ብሎ አማቸው።

ስለ ንግግሩ የምንነግራችሁ ነገር ያሳፍረናል። «ውኃ ትፈልጋለህ?» ስንለው ያንኑ «ውኃ ትፈልጋለህ» ብሎ ይመልስልን ነበር። እያሾፈብን መስሎን እንቈጣዋለን፤ አንድ ቀን እንዲያውም መትተነዋል። ስድስት ዓመት ሲሆነው ግን ማንም ሳይጠይቀው ከእንስራው አጠገብ ቆሞ «ውኃ ትፈልጋለህ» አለ። ለካስ ጠምቶት ኖሯል! ያን ጊዜ ሌሎቹን ቃላቱንም መመርመር ጀመርን። «በሩን ዝጋው» ካለ ጫጫታው በዝቶበታል ማለት ነው፤ በሩ ተዘግቶም ቢሆን ይለዋል።

አባታችን ትምህርት ቤት ቢያስገቡት በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት ሰደዱት። ስለዚህ የሚማረው ከእኛ ነው። የቀኑን ሥራ፣ ፊት መታጠቡን፣ ሻዩን፣ ፊደሉን፣ ሽርሽሩን፣ በየወረቀቱ ሥለን በተርታ ግድግዳው ላይ እንለጥፍለታለን። የሚከተለውን አስቀድሞ ሲያውቅ ለቅሶው ይቀንሳል።

ጎረቤቶቻችን ግን ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የጠየቁትን ጥያቄ እስከ ዛሬ ይጠይቃሉ፤ የተሰጣቸውን መልስ አያስታውሱም። እናቲቱ ምን በድላ ይሆን ይላሉ። ይህ የመሃይምነት ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሐኪሙ ሊዮ ካነር በአሜሪካ አገር በ1943 (በአውሮፓ አቈጣጠር ነው የምንናገረው) የ11 ልጆችን ነገር ከጻፈ በኋላ፣ ብዙ ሊቃውንት ችግሩ የሚመጣው ከእናቲቱ ፍቅር መቀዝቀዝ ነው ሲሉ ኖሩ። ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ይህንኑ በመጽሐፍ አስፋፋው። ጎረቤታችን ቡና ላይ ያሉትን እርሱ በማተሚያ ቤት አለው! በርናርድ ሪምላንድ የተባለው፣ እንዲህ ያለ ልጅ አባት የሆነ ምሁር፣ በ1964 ነገሩ ከአካል ተፈጥሮ እንጂ ከእናት ጥፋት እንዳልሆነ ጽፎ ነበር። ዛሬ ሳይንስ የሚያምነው የእርሱን ነው፤ የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ አለው፣ ፍቅር ማነስ ግን የለበትም። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የወለዱትን ልጅ ሳይደብቁ በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ማእከልን ከፍተዋል። እናታችን የእርሳቸውን ነገር በሰሙ ጊዜ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ መጀመሪያ ጊዜ፣ ነጠላቸውን ለብሰው ልጃቸውን ይዘው ለቅሶ ደረሱ።

ቅዳሜ በበዓሉ ላይ ወንድማችን ከእናታችን ጋር ይመጣል። ከበሮው ሲመታ ጆሮውን ይይዛል፤ ክቡር ዲሬክተራችንም ከበሩ አጠገብ እንዲቀመጥ ፈቅደውልናል። ስሙን ብትጠሩት ዞር ላይል ይችላል። የጠርሙስ ቆርኪ መደርደር ግን ይወዳል። ወደ እናንተ መጥቶ «ቆርኪ አለህ» ቢላችሁ እየጠየቃችሁ ነው፤ ካላችሁ ስጡት።