ባሕር ማዶ ካለው ዘመድ ጋር ዳማ መጫወት
(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ ከኡልፓን፣ ከሥራና ከቤት ጥያቄ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ጉዳዩ ጨዋታ ነው፤ ሩቅ ካሉ ዘመዶችና ጓደኞች ጋር በስልክ ስለሚደረግ የዳማና የቼዝ ጨዋታ።

ብዙዎቻችሁ የመጣችሁት ቤተሰባችሁ ተከፍሎ ነው። አያት ወይም ወንድም ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ቀርቷል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስልክ በየቀኑ ይደወላል። ቆይቶ ግን ልጁ «ደኅና ነኝ» ብሎ ስልኩን ለእናቱ ይመልሳል። ፍቅሩ አላለቀም፤ ያለቀው ወሬው ነው። ጨዋታ ለልጁ ወሬ ይሰጠዋል። «ተራው ያንተ ነው»፣ «በላሁብህ»፣ «እስቲ ቆይ፣ ላስብበት» የሚለው ሁሉ በአማርኛ ነው። በዚህ አገር ዕብራይስጡን ማንም አይከለክለውም፤ አማርኛውን ግን ካልተጠቀመበት ያጣዋል።

«ጨዋታ የሥራ ፈት ነው» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ዳማን በቆርኪ፣ ገበጣን መሬት ቆፍረን በጠጠር ተጫውተን ያደግን ሰዎች ነን። የቼዝ ዘመድ የሆነውን ሰንጠረዥንም የኢትዮጵያ መኳንንት ይጫወቱት ነበር። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። ለቼዝ «ሊቼስ» የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረ ነፃ መጫወቻ አለ፤ ክፍያም ማስታወቂያም የለውም። ልጁ መጋበዣውን በዋትሳፕ ለአጎቱ ይልካል፣ አጎቱ ይከፍተዋል፣ ይጫወታሉ። ለአንድ እርምጃ ብዙ ቀን የሚሰጥ አጨዋወትም ስላለው እዚያ መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትዎርክ ቢቋረጥ ጨዋታው አይበላሽም። የቪዲዮ ጥሪ ብዙ ዳታ ይበላል፤ የቼዝ እርምጃ የሚፈጀው ግን በጣም ጥቂት ነው።

ለዳማ ደግሞ ኢንተርኔትም የግድ አይደለም። ሁለታችሁም ወረቀት ላይ ገበታ ሥሩ፤ 32ቱን ጥቁር ቤቶች ከ1 እስከ 32 ቁጥር ስጧቸው፤ ከዚያ «ከ11 ወደ 15» እያላችሁ በስልክ ተጫወቱ። ንጉሥ እንዴት እንደሚሄድና ወደ ኋላ መብላት ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ የዳማ ሕግ ከቦታ ቦታ ይለያያልና።

ሰዓቱንም ልብ በሉ። በበጋው የሰዓት አቆጣጠር የእስራኤልና የኢትዮጵያ ሰዓት እኩል ነው፤ በክረምት ግን ኢትዮጵያ በ1 ሰዓት ትቀድማለች። እዚህ 19:00 ሲሆን እዚያ በበጋው ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በክረምቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው።

ሦስት ማሳሰቢያ አለኝ። አንደኛ፣ ልጆች ከሚያውቁት ሰው ጋር ብቻ ይጫወቱ። በሊቼስ ላይ መልእክት መለዋወጥን የሚዘጋ የልጆች ማስተካከያ አለ፤ እርሱን ክፈቱላቸው። ሁለተኛ፣ በነፃ ጀምረው ኋላ ሳንቲምና ዕቃ የሚሸጡ ጨዋታዎች ስላሉ የባንክ ካርዳችሁን ቁጥር ለልጅ አትስጡ። ሦስተኛ፣ ጨዋታው የቤት ሥራ ካለቀ በኋላ ይሁን።

ከሁሉ የሚበልጠውን ለመጨረሻ አቆይቻለሁ። በዚህ አገር በክሊኒክም፣ በባንክም፣ በትምህርት ቤትም ልጅ አስተርጓሚ ሆኖ ከፊት ይሄዳል፤ አባትና እናት ከኋላ ይከተላሉ። ይህ ለወላጅ ይከብዳል፤ ለልጁም ከዕድሜው በላይ ሸክም ነው። በዳማ ገበታ ላይ ግን አባት አስተማሪ ነው። ልጁ ስልኩን ያሳየው፣ አባት ደግሞ ወጥመዱን ያሳየው። ሁለቱም አንዱ ከሌላው ሲማሩ መከባበሩ ይመለሳል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ወስኑ፤ ለዘመዳችሁም ቀኑንና ሰዓቱን ንገሩት። ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡና የመጀመሪያውን እርምጃ እርሱ ይጀምር።