አንድ ስሌት ለሁለት ፕሮግራም

(ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)



ከሙጃ ተነሥቶ ለገና ወደ ላሊበላ የሚጓዝ ምእመን በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቀን እንደሚውል፥ በዘመነ ዮሐንስ ግን ወደ 28 እንደሚመለስ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ኮምፒዩተር ግን አያውቅም። ዶትኔት የተባለው የማይክሮሶፍት መሣሪያ የዕብራውያንን፥ የፋርስንና የታይላንድን የዘመን አቆጣጠር ሲያቀርብ የእኛን አላካተተም። ስለዚህ ስሌቱን ራሳችን መጻፍ አለብን። የዛሬው ጥያቄያችን የት እናስቀምጠው የሚለው ነው።

ሁለት ተገልጋዮች አሉ እንበል። አንደኛው በሙጃ ባለ ጽሕፈት ቤት ኔትወርክ ቢጠፋም የዓመቱን በዓላት የሚያትም የኮንሶል ፕሮግራም ነው፤ ማለትም በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት የሚሠራ። ሁለተኛው ያንኑ መልስ ለስልኮች የሚያድል ዌብ ኤፒአይ ነው።

ቀላሉ መንገድ ኮዱን ከአንዱ ገልብጦ በሌላው መለጠፍ ነው። ሠላሳ መስመር ለማይሞላ ኮድ ምን ያስጨንቃል የሚሉ አሉ። የሚያስጨንቀው ርዝመቱ አይደለም። የጳጉሜን 6 ስሕተት በአንዱ ቅጂ ታርሞ በሌላው ቢረሳ፥ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 አንዱ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሲል ሌላው መስከረም 1 ቀን 2016 ይል ነበር። ይህም በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚከሠት ስለሆነ ፈላጊ አያገኝም።

ሌሎች ደግሞ ኮንሶሉ ዌብ ኤፒአዩን ይጠይቅ ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ መልካም ሐሳብ ነው፤ ሙጃ ላይ ግን መስመሩ በተቋረጠ ቀን ኅትመቱም ይቆማል። ዌብ ኤፒአዩ የኮንሶሉን ፕሮጀክት በቀጥታ ይጥቀስ ቢባልም፥ ከስሌቱ ጋር የማይፈልገውን ጓዝ ሁሉ ይጎትታል።

እኛ የምንደግፈው ሦስተኛ ፕሮጀክት መክፈትን ነው፤ ይኸውም ክላስ ላይብረሪ ነው። ሁለቱም እርሱን ይጠቅሳሉ፤ እርሱ ግን ሁለቱንም አያውቃቸውም። ሦስቱም በአንድ ሶሉሽን ውስጥ ካሉ የፕሮጀክት ማጣቀሻ ይበቃል፤ ኑጌት ፓኬጅ ማዘጋጀት ለዚህ ጉዳይ ከመጠን ያለፈ ድግስ ነው። ከሁለቱ አንዱ በአሮጌው ዶትኔት ፍሬምወርክ የተጻፈ እንደሆነ ግን ላይብረሪው እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው በዶትኔት ስታንዳርድ 2.0 ይሠራ።

ከባዱ ሥራ ምን ይግባ፥ ምን ይቅር የሚለው ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ዘመነ ሉቃስ ነው፥ ጳጉሜንም 6 ትሆናለች የሚለው ደንብ ይግባ። በመስኮት ላይ መጻፍ ግን አይግባ። አንድ ሰው ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ብሎ ቢያስገባ ላይብረሪው እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ ስሕተቱን ያንሣ፤ ኮንሶሉ በአማርኛ ዓረፍተ ነገር፥ ዌብ ኤፒአዩ በ400 ቁጥር፥ እያንዳንዱ በየቋንቋው ይመልስ።

ላይብረሪው ሰዓትም አይመልከት። ሰርቨሮች ብዙ ጊዜ የሚቆጥሩት በዩቲሲ ነው፤ የእኛ ሰዓት በ3 ይቀድመዋል። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ድረስ እንዲህ ያለው ሰርቨር ገና በትናንቱ ቀን ላይ ነው። በሙጃ ያለው ላፕቶፕ ግን ወደ አዲሱ ቀን ተሻግሯል። ስሌቱ አንድ ሆኖ ሳለ መልሱ ሁለት እንዳይሆን ቀኑን ጠሪው ራሱ ያቀብል።

ይህ ከሆነ ፈተናውም በላይብረሪው ላይ ብቻ፥ ያለ ሰርቨርና ያለ ኔትወርክ ይካሄዳል። ለመጀመሪያው ሁለት ቀኖች ይበቁናል፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፥ ታኅሣሥ 28 ቀን 2016 ደግሞ ጃንዋሪ 7 ቀን 2024 ሆነው መውጣት አለባቸው።