ሊጉላ፤ የዓሣን ዘር የሚያመክን ትል

የጣና ዓሣ አጥማጅ ትንሹን የባርበስ ዓሣ ሆድ ሲሰነጥቅ አንዳንድ ጊዜ ነጭ ጥብጣብ የመሰለ ትል ያገኛል። ይኸውም ሊጉላ የተባለው ነው። ወገኑ ከኮሶ ትል ነው፤ አፍም አንጀትም ስለሌለው ምግቡን በገላው ይመጥጣል።

እንቁላሉ ከወፍ ኩስ ጋር ከውሃ ይወድቃል። የተፈለፈለውን እጭ የሸርጣን ወገን የሆነች ኢምንት ፍጥረት ትውጠዋለች፤ እርሷንም ዓሣው ይበላታል። ያን ጊዜ ትሉ የዓሣውን አንጀት በስቶ ወደ ሆዱ ዕቃ ይገባና በዚያ ተጣጥፎ ያድጋል።

ክፋቱ የዓሣውን ዘር ማምከኑ ነው። ትል የያዛት እንስት ብዙውን ጊዜ እንቁላል አትቋጥርም፤ ሆዷ ተነፍቶ የሚያያት ሰው ግን የመራቢያዋ ወራት የደረሰ ይመስለዋል!

ትሉ የሚጎለምሰው ዓሣዪቱን በበላው ወፍ ሆድ ውስጥ ነው፤ በዚያም ጥቂት ቀን ብቻ ቆይቶ እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል።