ቆስጣና ስፒናች በአዋሽ ሸለቆ መቼ ይዘራሉ?



የዛሬው ንግግራችን ስለ ስፒናችና ስለ ቆስጣ መዝሪያ ጊዜ ነው። ከአዋሽ ከተማ አንሥቶ በአሚባራና በዱብቲ በኩል እስከ ሰመራ ድረስ በመስኖ ጓሮ የምታለሙ ሁሉ ነገሩ ይመለከታችኋል። ዘር በገንዘብ ይገዛል፤ ውኃም በተራ ይገኛል። የመዝሪያውን ጊዜ የሳተ ሰው ሁለቱንም ያጣል፤ የሚመጣውንም ዓመት መጠበቅ ግድ ይሆንበታል።

አስቀድመን ሁለቱን እንለይ። በገበያችን ስፒናች እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ቆስጣ ነው። ቆስጣ ቅጠሉ ሰፊ፣ የቅጠሉም ዘንግ ወፍራም ሲሆን የቀይ ሥር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሙቀትን በመጠኑ ይችላል። እውነተኛው ስፒናች ግን ቅጠሉ ትንሽና ለስላሳ ነው፤ ቅዝቃዜን አጥብቆ ይወዳል።

«ቅዝቃዜ የሚወድ ተክል ቆላ ምን ሊሠራ ይመጣል?» ትሉ ይሆናል። ቆላም የራሱ ብርድ አለው። ይኸውም አፋሮች ጊላል የሚሉት ወራት ነው። በሰመራ የሰኔ ቀትር ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በታኅሣሥና በጥር ግን ሌሊቱ ብዙ ጊዜ ከ20 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የደብረ ብርሃን ገበሬ የኅዳርን ውርጭ ሲፈራ፣ እኛ ኅዳርን በናፍቆት እንጠብቃለን።

እንግዲህ ከውጭ አገር በመጣ የዘር ማሸጊያ ላይ «በመጋቢትና በሚያዝያ ዝሩ» የሚል ብታገኙ አትከተሉት። ይህ ምክር በረዶ ቀልጦ መሬቱ ገና ቀዝቃዛ ለሆነበት አገር የተጻፈ ነው። ለእኛ መጋቢት ሙቀቱ የሚበረታበት መግቢያ ነው። የስፒናች ዘር አፈሩ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሲሆን በደንብ ይበቅላል፤ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን ግን አብዛኛው ሳይበቅል ይቀራል። የበቀለውም ቢሆን ቶሎ ግንድ አውጥቶ ያብባል፤ ቅጠሉም ይመራል።

ስለዚህ የሚከተለውን ያዙ፦

1ኛ. በነሐሴና በመስከረም የጎርፍ ሥጋት ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት መሬቱን ቆፍሩ፤ በደንብ የበሰበሰ ፍግም ቀላቅሉበት።

2ኛ. ቆስጣን ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ዝሩ።

3ኛ. ስፒናችን ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ፣ በየ15 ቀኑ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ዝሩ። ሁሉን ባንድ ቀን የዘራ ባንድ ቀን ይሸጣል፤ ዋጋውም ይወድቅበታል። አዋሽ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ900 ሜትር ስለሚበልጥ፣ 430 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ከሰመራ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ በዚያ አሥር ቀን ያህል ማስቀደም ይቻላል።

ቴርሞሜትር ለሌለው ሰው ምልክቱ ቀላል ነው፤ ሌሊት ልብስ መደረብ ስትጀምሩ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው።

ዘሩን ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፉና በማግሥቱ ወደ ማታ ዝሩ። ጥልቀቱ ከ2 ሳንቲሜትር አይብለጥ። በመስመሮች መካከል 30 ሳንቲሜትር ተዉ። የበቀለውን አሳስታችሁ ስፒናቹን በ10፣ ቆስጣውን በ25 ሳንቲሜትር አራርቁ። አንዲት የቆስጣ ፍሬ ሁለትና ሦስት ቡቃያ ስለምታወጣ ማሳሳቱን አትዘንጉ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሰሌን በእንጨት ላይ ዘርግታችሁ ከቀትር ፀሐይ ጋርዱ፤ ውኃም በማለዳ ወይም በማታ አጠጡ።

ስለ ጨው አንድ ቃል ልጨምር። በአሚባራ መስኖው የከርሰ ምድሩን ውኃ ከፍ አድርጎ ጨው ብዙ የእርሻ መሬት እንዳበላሸ የምታውቁት ነው። ውኃ በቦይ ሲፈስ ጨው ወደ መደቡ አናት ይወጣል፤ ነጭ ሆኖም ይታያል። ዘሩን በአናቱ ላይ ሳይሆን ጎን ላይ፣ ውኃው ከሚደርስበት ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ዝሩ። ትርፉ ውኃ የሚወጣበት ቦይም ይኑራችሁ፤ መውጫ የሌለው ውኃ ጨውን መልሶ ያመጣዋል።

ስፒናች በ45 ቀን ገደማ፣ ቆስጣ በ60 ቀን ገደማ ይደርሳል። የቆስጣን የውጪ ቅጠሎች ብቻ ቁረጡ፤ መካከለኛው ቡቃያ ደጋግሞ ይሰጣችኋል። ቅጠሉንም ለልጆች በቅቤ አብስሉላቸው፤ ለዓይን የሚበጀው ቪታሚን ኤ በሰውነት ውስጥ በደንብ የሚገባው ከቅባት ጋር ነውና።

የካቲት ሲያልቅ የስፒናቹን መደብ ንቀሉና ሙቀት ለሚወደው ለባምያ ልቀቁ። የተረፈውን ዘር ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። በሚመጣው ጥቅምት ሃያ ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞክሩ፤ በአሥር ቀን ግማሹ ካልበቀለ አዲስ ዘር ግዙ።

መልካም አዝመራ ያድርግላችሁ።