ተቀራርበው የሚቆሙ አንቴናዎችና የርስ በርስ ጥምረታቸው



በጎጃም ደጋ የምትገኘው ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርቷ የታወቀች ደብር ናት፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው አድባራት አንዷ ነበረች። በንባብ ቤት ሕፃናት ተጠጋግተው ተቀምጠው አንዱ ፊደል፣ ሌላው ዳዊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ፣ የኔታ የያንዳንዱን ስሕተት ለይተው ያርማሉ። ይህ የሚቻለው ግን እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ትምህርት እስካነበበ ድረስ ነው። አንዱ የጎረቤቱን ድምፅ መከተል ከጀመረ፣ አንባቢዎቹ ሁለት ሆነው ሳለ የሚሰማው ንባብ አንድ ይሆናል። የቅኔ ተማሪም ቅኔ ሲቆጥር ከባልንጀሮቹ ርቆ ጸጥ ያለ ሥፍራ የሚመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ዛሬ በኪስ በሚያዘው ስልክ ውስጥ ያለው ችግር ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። ቴላታር በ1995፣ ፎሺኒም በ1996 እ.ኤ.አ. በቤል ላቦራቶሪዎች እንዳሳዩት፣ በላኪውም በተቀባዩም በኩል ብዙ አንቴናዎች ሲቆሙ፣ የላኪው ጠቅላላ ኃይል ሳይጨመርና ሌላ የሞገድ ክልል ሳያስፈልግ፣ የተለያዩ መልእክቶችን በአንድ ጊዜ ማስተላለፍ ይቻላል። በአዲስ አበባ በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው የአራተኛው ትውልድና በ2014 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስተኛው ትውልድ የሞባይል አገልግሎት በዚሁ ዘዴ ይጠቀማሉ።

ዳሩ ግን አንቴናዎቹ በሚገባ እንዲለያዩ የሞገዱን ርዝመት ግማሽ ያህል ቢራራቁ ይመረጣል። በ3500 ሜጋ ኸርዝ ይህ ርቀት ከ4 ሳንቲሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ለሰፊ የገጠር ሽፋን በሚስማማው በ900 ሜጋ ኸርዝ ግን ወደ 17 ሳንቲሜትር ስለሚደርስ ከተለመደው ስልክ ቁመት ያልፋል። በዚህ ዝቅተኛ ሞገድ የስልኩ ብረት አካል ራሱ እንደ አንቴና ስለሚያገለግል፣ ሁለቱ አንቴናዎች አንድ አካል ይጋራሉ። ስለዚህ ከአንዱ የተላከው ኃይል ወደ አየር በመውጣት ፈንታ ወደ ጎረቤቱ ይገባል። ባለሙያዎች የርስ በርስ ጥምረት የሚሉት ይህንኑ ነው። የመለያየታቸው መጠን 6 ዴሲቤል ብቻ ከሆነ ከሚላከው ኃይል ሩቡ፣ 10 ከሆነ አንድ አሥረኛው፣ 20 ከሆነ አንድ መቶኛው በዚህ መንገድ ይባክናል። ማማ በቀረበበት ከተማ ኪሳራው ላይታወቅ ይችላል፤ ከማማ ርቆ በሸለቆ ውስጥ ለሚኖር ገበሬ ግን፣ ለወላድ ሚስቱ አምቡላንስ ሲጠራ፣ የጥሪው መድረስና አለመድረስ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ብዙ ዓይነት ነው። አንደኛው አንቴናዎቹን በርቀት ሳይሆን በአቅጣጫ መለየት ነው፤ በማማ ላይ በሚሰቀሉት ሰሌዳዎች ውስጥ ጥንድ አንቴናዎች ወደ ቀኝና ወደ ግራ 45 ዲግሪ አዘንብለው የሚቆሙት ለዚህ ነው። ሁለተኛው በሚጋሩት ብረት ላይ ስንጥቅ አበጅቶ የኤሌክትሪኩን ፍሰት መንገድ መዝጋት ነው። ሦስተኛው በመካከላቸው ቀጭን ሽቦ ዘርግቶ፣ ከሚሻገረው ፍሰት ጋር መጠኑ እኩል፣ አቅጣጫው ግን ተቃራኒ የሆነ ፍሰት በመላክ አንዱን በሌላው ማጥፋት ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት በጠባብ የሞገድ ክልል ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው የመለያየት ቁጥር ብቻውን አታላይ መሆኑ ነው። ኃይሉን በሙቀት የሚጨርስ መናኛ አንቴና ለጎረቤቱ የሚያስተላልፈው ጥቂት ስለሆነ፣ በመለኪያው ላይ መልካም መስሎ ይታያል። ዝም ያለ ተማሪ ጎረቤቱን አያውክም፤ ነገር ግን ትምህርቱንም አላነበበም።

ስለዚህ መገናኛ መሣሪያ የሚመርጥ፣ የሚፈትሽ ወይም የሚገጣጥም ባለሙያ የመለያየቱን መጠንና በእውነት ወደ አየር የሚወጣውን ኃይል አብሮ ሊጠይቅ ይገባዋል። ፍተሻውም በባዶ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ መሣሪያው በሰው እጅ ተይዞ፣ በዝቅተኛው ሞገድም ጭምር መደረግ አለበት፤ የደብረ ኤልያስ ገበሬ ስልኩን የሚጠቀምበት እንዲሁ ነውና።