እንግዳ ተብሎ ስለ ጠፋው የአገር ጓጕንቸር

የጓጕንቸር ስም በተነሣ ጊዜ የሰው ልብ በግብፅ ላይ ወደ ወረደው መቅሠፍት ይሄዳል፤ ጓጕንቸርም ራሱ ሊጠፋ የሚችል ፍጥረት መሆኑን የሚያስብ ጥቂት ነው።

በእንግሊዝ አገር ኖርፎክ በሚባለው አውራጃ፥ በዘመነ በረዶ በተፈጠሩ ኩሬዎች አንድ የጓጕንቸር ወገን ይኖር ነበር። ሰው ከውጭ አገር ያመጣው እንግዳ ነው ተብሎ ስለ ታሰበ ጠባቂ አላገኘም። የኩሬው ውሃ ጐደለ፤ ዛፍም በዝቶ ጥላውን ጣለበት፤ ፀሓይ ወዳዱ ፍጥረትም በፈረንጅ አቈጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት ከዚያ ጠፋ። ከመሬት የወጣ የጥንት አጥንቱ፥ ድምፁና ዘሩ ተመርምሮ የአገሩ ተወላጅ መሆኑ በተረጋገጠ ጊዜ ኩሬው ባዶ ነበር።

ስለዚህ ከ2005 እስከ 2008 ዓመት የቅርብ ዘመዶቹን ከስዊድን አምጥተው በኖርፎክ ለቀቁ፤ ከ2015 ዓመት ጀምሮም ቶምሰን ኮመን ወደሚባለው ወደ ቀድሞ ስፍራው መለሱት።

ሥራውም እንደ እርሻ ወቅት አለው። በብርድ ወራት ጥላ የሚጥለውን ቍጥቋጦ ይመነጥራሉ፤ በግንቦትና በሰኔ ወንዱ ሲጮኽ ድምፁን እየሰሙ ይቈጥራሉ፤ ጅራታም ልጆቹንም ጠላት እንዳያገኛቸው በገንዳ አሳድገው ወደ ኩሬ ይለቃሉ።

በኢትዮጵያም በሌላ አገር የማይገኙ ብዙ የጓጕንቸር ወገኖች አሉ። የአገሩን ፍጥረት ለይቶ የማያውቅ ሕዝብ ባለቤቱን እንግዳ ብሎ ያሰናብታል፤ ኋላም ከሩቅ አገር ለምኖ ያመጣል። እንግዲህ መምህር ልጆቹን ወደ ወንዝ ዳር ወስዶ የፍጥረቱን ስም ያስጠናቸው፤ ሽማግሌም ቀድሞ ይሰማ የነበረውን፥ ዛሬ ግን የማይሰማውን ድምፅ ይንገራቸው።